ጭሮ ብቻ ያየችው ክፍል

ጣቢያው «የሙሽራዋ ቁልፍ»ን ከማታ ሁለት ሰዓት ወደ ቀን አስር ሰዓት ያዛወረ ሰሞን ጭሮ ውስጥ ያልተሰማ ጉድ የለም። አንዲት ሴትዮ ከንዴቷ የተነሳ ሪሞቱን ከሽንኩርት ጋር ከትፋ ወጥ ውስጥ ጨመረችው ይባላል። ሌላ ቤት ደግሞ ድመቷ ሳትቀር በለመደችው ሰዓት መጥታ ከጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር አሉ። ድመቷን ያየ ሰው አልተገኘም፤ ወጡን የበላ ሰው ግን አለ።

ቀልዱ ይቅርና ነገሩ ቀላል አልነበረም። ድራማው ከቱርክ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ አራት ዓመት ታይቶ ያላለቀ ነው። ኔርሚን የምትባል ሙሽራ ሀብታም ቤት ትገባለች፤ አማቷ ሰኒሃ የቤቱን ቁልፍ አልሰጥም ትላለች፤ አራት ዓመት ሙሉ አልሰጠችም። አስር ሰዓት ማለት ደግሞ ጭሮ ላይ ገበያው የሚደምቅበት ሰዓት ነው። ከገጠር የመጣው ገዢ መኪና ሳያመልጠው የሚሻማው ያኔ ነው። ማን ሱቁን ዘግቶ ኔርሚንን ያያል?

ሰፈሩ እናት ለማለት «አዴ» የሚላቸው ሀሊማ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁንም ልጃቸውን ኢስራንም ለብቻቸው ያቆሙ ሴት ናቸው። ሰዓቱ ከተዛወረ ጀምሮ ጨርቅ ሲለኩ ዓይናቸው የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው፤ አስር ሲሞላ እንደታመመ ሰው «እህህ» ይላሉ።

ኢስራ ግን ታያለች። የምሳውን ሳህን ቤት ወስዶ ማጠብ የእሷ ሥራ ነው፤ ሦስት ሳህን ለማጠብ አንድ ሰዓት ይፈጅባታል። የእነሱን ቤት ያህል የጸዳ ሳህን በምዕራብ ሐረርጌ አልነበረም! ያየችውን ለእናቷ እንዳትነግር፣ ሳህኑ ማን ሲያጥበው ነው ያየሽው ልትባል ነው። ስለዚህ አይታ እንዳላየች ሆና ወደ ሱቅ ትመለሳለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሳቢት እሽግ ሊቀበል ሱቅ ገባ። ሳቢት የአጎቱን ሚኒባስ ከገለምሶ ጭሮ የሚነዳ ልጅ ነው። ጠዋት የአዴ ሀሊማን ጨርቅ ለገለምሶ ደንበኞች ያደርሳል፣ ወደ ማታ ይመለሳል።

«ሳቢቴ፣ ዛሬ ገለምሶ ላይ አላየኸውም እንዴ?» አሉት አዴ ሀሊማ። «ያቺ ኔርሚን እንዴት ሆነች? ቁልፉን ሰጠቻት?»

ሳቢት አፉን ከፈተ። ኢስራ ከጥቅል ጨርቁ ጀርባ ሆና ታየዋለች። ዓይኑ መጀመሪያ እናቷ ፊት ላይ አረፈ፣ ቀጥሎ ጣራው ላይ፣ ቀጥሎ የትም ሄደ።

«አዴ፣ እስካሁን አልሰሙም?» አለ። «አማትየዋ ጉድጓድ ገባች!»

«ያ ረቢ! የቱ ጉድጓድ?»

«ከጓሮ ያለው ነዋ! ቁልፉን ልትደብቅ ጎንበስ ስትል እግሯ ከዳት።»

ጫት ሻጯ ፈርዶሳ ዘንቢሏን ጥላ መጣች። ቅመም ሻጯ አጸደ በርበሬ እየመዘነች ነበርና ጭልፋውን እንደያዘች መጣች።

«ማል ጄዼ? ምን አለ?»

«ሰኒሃ ጉድጓድ ገባች!»

«እሰይ! ደግ አደረጋት!»

«ኧረ ግፍ ነው አጸደ፣ ሰው ናት።»

«አቦ ተይኝ፣ የምን ሰው!»

ያን ቀን ኢስራ ባየችው ክፍል ላይ ሰኒሃ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ ነው የዋለችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሻይ። ጉድጓድ ቀርቶ ባልዲ አልታየም። ታዲያ ይሄ ልጅ ከየት አመጣው? ልትናገር አፏን ስትከፍት ሳህኑ ትዝ አላትና ዘጋችው። የገረማት ግን ሌላ ነው፤ ውሸት መሆኑን እያወቀች፣ ሰኒሃ ከጉድጓዱ ትውጣ አትውጣ ለማወቅ ልቧ ተንጠለጠለ።

በማግስቱ ጠዋት፣ በወሬው መሀል ረስቶት የሄደውን እሽግ ራሷ መናኸሪያ ድረስ ይዛለት ሄደች።

«ሳቢት።»

«አቤት።»

«አስር ሰዓት ላይ በደሳ አካባቢ ትሆናለህ አይደል?»

«እዚያው ነኝ።»

«ታዲያ መሪ ይዘህ ነው ድራማ የምታየው?»

ሳቢት ሊያስነሳ የያዘውን ቁልፍ ሳያዞረው ቀረ።

«ሰኒሃ ትናንት ሻይ ስትጠጣ ነው የዋለችው» አለችው።

«አንቺስ የት ሆነሽ አየሽ? አዴ ‹አስር ሰዓት ላይ ሳህን ታጥባለች› ነበር ያሉኝ።»

ተያዩ። ሁለቱም የሌላውን ጉድ ይዘዋል፤ አንዱ ቢናገር ሁለቱም ያልቅላቸዋል። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት።

«ለምን ዋሸሃቸው?»

«አላየሁም ልል ነበር። የእናትሽን ፊት ሳይ አፌ እምቢ አለኝ።»

«እና አሁን ማን ያወጣታል?»

«እኔ ምን አውቄ! እሱን ሳስብ እኮ ነው ያደርኩት።»

ኢስራ እሽጉን እንዳቀፈች ትንሽ አሰበች። «ኔርሚን ታውጣት» አለች። «ገመድ ትወርውርላት። ግን መጀመሪያ ቁልፉን ወደ ላይ ወርውሪ ትበላት።»

ሳቢት እንደ አዲስ ሰው አያት። «አንቺ ደሞ ከእኔም የባስሽ ነሽ!»

ከዚያ በኋላ ድራማው ሁለት ሆነ። አንዱ በጣቢያው ይተላለፋል፤ ሌላው እሽግ በመቀባበል ሰበብ መናኸሪያ በር ላይ ይሠራል። ለኔርሚን መንታ እህት አመጡላት፤ ይቺ የኢስራ ናት። ባሏ ከማል ዓይኑ ጠፋ፤ ይሄ የሳቢት ነው። አዴ ሀሊማ ስለ ከማል እራት አልበላም ስላሉ በማግስቱ በራለት። ታሪኩ በተሳፋሪ አፍ ሂርና ደርሶ ሲመለስ ጉድጓዱ ውስጥ አዞ ገብቶበት ተገኘ። በደሳ ላይ ሁለት ነጋዴዎች መንታዋ ማንን ታግባ በሚለው ተጣልተው ሦስተኛው ሰው ነው ያስታረቃቸው ይባላል፤ እሱም መንታዋን ለራሱ ፈልጓት ነው አሉ።

አንዳንድ ጠዋት የዕለቱን ታሪክ ይጨርሱና እዚያው ይቆያሉ። ተሳፋሪው «ኧረ እንሂድ!» እያለ በሩን ይደበድባል፤ እነሱ አይሰሙም። እሽጉን ስትሰጠው ቶሎ አይቀበላትም። እሷም ቶሎ አትለቅም።

እንዲህ ሆነው ወራት ካለፉ በኋላ ነው ሳቢት ከመኪናው ወርዶ ፊቷ የቆመው።

«ኢስራ፣ እናትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልልክ ነው። እወድሻለሁ።»

ልቧ ዘለለ። አፏ ግን ቀደማት፦ «ይሄስ ከየትኛው ክፍል ነው?»

ሳቢት ሊስቅ ሞከረና ተወው። «አንቺም አታምኚኝም?» አለ።

«ልጎዳህ ብዬ አይደለም። ስለ ከማል ዓይን ለእናቴ ስትነግራት ፊትህን አይቼዋለሁ። ልክ አሁን ያለውን ይመስል ነበር። ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? እሱን ሳላውቅ እንዴት አምኜ አገባሃለሁ?»

ስለ ሰኒሃ ቢሆን ኖሮ አስር መልስ ነበረው። አሁን ግን ወደ መሪው ተመልሶ ሞተሩን አስነሳ።

በዚያው ሳምንት ጣቢያው ሌላ ነገር አመጣ። «በሰዓት ለውጡ ቅር ለተሰኛችሁ ውድ ተመልካቾቻችን፣ ያመለጧችሁን ክፍሎች በሙሉ በአረፋ በዓል በተከታታይ እናቀርባለን!» አዴ ሀሊማ ሰምተው እልል አሉ። ኢስራ ግን የታጠፈውን ጨርቅ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። ይሄ ልጅ አለቀለት። ሽማግሌ ቀርቶ እሽግ ለመቀበልም ደጃፋችን አይደርስም አለች በልቧ። ገለምሶ ተደብቆ ይቀር ይሆን? ወይስ አዲስ ጉድ ያመጣ ይሆን? ከእሱ ጋር አይነጋገሩም፤ ግን በየማታው የሚኒባሱን ጡሩምባ ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር።

በአረፋ ቀን ሰፈሩ በሙሉ አዴ ሀሊማ ሳሎን ተሰበሰበ። ቦታ ያጣ መስኮት ላይ ቆመ። ድራማው ተጀመረ። ሰኒሃ ሻይ ጠጣች። ኔርሚን በመስኮት አየች። ሰኒሃ ደገመች።

«አሁን ነው የምትገባው» አለች አጸደ።

አልገባችም። ክፍሉ አለቀ፣ ሌላው ተተካ። ከማል በሁለት ጤነኛ ዓይኑ ጋዜጣ አነበበ። መንታ የሚባል ነገር የለም። ቤቱ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። ኢስራ ከበሩ አጠገብ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

አዴ ሀሊማ ድንገት ብድግ አሉ።

«ቆረጡት!» አሉ።

«ምኑን?»

«ጉድጓዱን ነዋ! ምርጥ ምርጡን ቆርጠው ሻዩን ብቻ አመጡልን!»

«እኔም ጠርጥሬያለሁ!» አለች ፈርዶሳ። «ለማስታወቂያ ቦታ ለማግኘት ነው።»

«አዞውንማ ሕፃናት እንዳይፈሩ ብለው ይሆናል» አለች አጸደ።

ኢስራ አፏን በሻርፗ ያዘች። ሁለት ድራማ ቢጣላ ሐሰተኛው ያሸንፋል ብላ አስባ አታውቅም። በዚህ መሀል ሳቢት አዲስ ጀለቢያ ለብሶ «ኢድ ሙባረክ» እያለ ገባ። አልተደበቀም፤ የሚመጣበትን ሊቀበል የመጣ ይመስል ነበር።

«እሰይ፣ ምስክራችን መጣ!» አሉ አዴ ሀሊማ። ፈርዶሳ ያኔ የተመልካቾች መስመር ጋ ደውላ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋዋለች። አንዲት ልጅ በቀጭን ድምፅ «ምን እንርዳችሁ?» ትላለች። «ሳቢቴ፣ ንገራት። ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ በላት» አሉት አዴ ሀሊማ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

ኢስራ ፊቱን አየች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠላት። መንገድ ተዘግቷል ሲል ይምላል። ጨርቁን አድርሻለሁ ሲል ይምላል። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ከማል ዓይን፣ ስለ መንታዋ ግን ስንት ማታ ሲያወራ አንዴም ወላሂ ብሎ አያውቅም። ስትፈልገው የከረመችው ልዩነት ይኸው፤ ራሱም የሚያውቀው አይመስልም።

አሁን ያቺን አንዲት ቃል ቢላት ድኗል። ቢላት ደግሞ እሷ ከዚህ በኋላ እውነቱን ከውሸቱ የምትለይበት ነገር አይኖርም።

«አልምልም አዴ» አለ ሳቢት። «አላየሁትም። ጉድጓድ የለም፣ ማንም ምንም አልቆረጠም። ከራሴ ነው ያመጣሁት።»

አዴ ሀሊማ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «መንታዋስ?» አሉ፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው።

ሳቢት አንገቱን ደፋ። መንታዋ የማን እንደሆነች ሊናገር አልፈለገም።

ኢስራ ከበሩ ተነሥታ በሰው መሀል አለፈች፤ ሄዳ ከጎኑ ቆመች።

«መንታዋ የእኔ ናት እማ። ሳህን ሳጥብ አልነበረም። እውነተኛውን በየቀኑ እያየሁ ሐሰተኛውን አብሬው ሠርቻለሁ።»

ስልኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ይቅርታ… ግን ያቺ መንታ መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

«ዝጊው ፈርዶሳ!» አሉ አዴ ሀሊማ።

«አትዝጊው፣ እኔም አልሰማሁም» አለች አጸደ።

አዴ ሀሊማ አልሳቁም። «ውጣልኝ» አሉት ሳቢትን። ወጣ። ኢስራ እስከ አጥሩ በር ተከተለችው። ምንም አልጠየቀችውም። እሱ ግን ጫማውን እያየ ሳይጠየቅ ተናገረ፦ «ያን ቀን ያልኩሽ ወላሂ እውነት ነው።» መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። እሷ በሩን እንደያዘች ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆመች።

ከበዓሉ በኋላ ብዙ ቀን ሱቅ ውስጥ የሚሰማው የአዴ ሀሊማ መቀስ ድምፅ ብቻ ሆነ። በዚህ መሀል ነው የሳቢት አጎት አክረም ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ የመጣው። የአዴ ሀሊማ ወንድም ቡርሃን ተቀበሏቸው። እነሱም መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ሳሎኑ መሀል ቆሙ። ኢስራ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ ሳትጠራ መውጣት ነውር ነው።

«ልጁ ራሱ ይግባ» አሉ አዴ ሀሊማ።

ሳቢት ገባ።

«ልጄን ወስደህ እንዴት ልትኖሩ ነው? ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ።»

«ቤት የለኝም አዴ። ገለምሶ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ክረምት ላይ ጣራዋ ያፈሳል። መኪናውም የአጎቴ ነው።»

አክረም አሳለና ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «አንተ፣ ትንሽ አሳምረው እንጂ!»

ሳቢት አልሰማውም። «ብዙ ቀን አምሽቼ ነው የምገባው። ያን ጊዜ ብቻዋን ትሆናለች። እሱን ምን እንደማደርገው እስካሁን አላገኘሁም።»

«ከዚያስ?» አሉ አዴ ሀሊማ።

«ከዚያ ያለውን አላውቅም አዴ።»

ኢስራ እስከዛሬ የመጣውን ሁሉ አስቀድማ ታውቅ ነበር፤ ግማሹን የሠራችው እሷ ናት። ይሄን ግን አታውቀውም። የሚያፈሰውን ጣራ፣ የሚመሸውን ማታ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ለማየት ጓጓች። መጋረጃውን ገለጠችና ማንም ሳይጠራት ወጣች።

«እኔም አላውቅም» አለች። «አብረን እናገኘዋለን።»

ቡርሃን ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። አዴ ሀሊማ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ልጃቸውን አዩ፣ ልጁን አዩ፤ ቆይተው ወንበሮቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው ወደ መሀል ሳቡ።

«ተቀመጡ እንግዲህ» አሉ ለሽማግሌዎቹ። «እግራችሁ አለቀ።»