አንበሳው ገባ?

ሽማግሌው የተገኘው በአንበሳው ግቢ መካከል በደረቱ ተደፍቶ ነው። ቀኝ ክንዱ ከትከሻው ተገንጥሎ ከዛፉ ግንድ ሥር ወድቋል። ጀርባው ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተተልትሎ የሸሚዙ ብጫቂ ከሥጋው ጋር ተደባልቋል። በዚህ የአራዊት ማቆያ ሃያ ስድስት ዓመት አንበሳ ጠብቋል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ጎብኚዎች በጥያቄ ሣጥኑ የሚጨምሩትን ወረቀት እያወጣ በድምፅ ማጉያ ይመልስ ነበር። ጅብ እውነት ይስቃል ወይ፣ ዝሆን ቂም ይይዛል ወይ፣ አንበሳ የሚያዛጋው ሰልችቶት ነው ወይ፤ ያልተጠየቀው ነገር አልነበረም። ከዚህ የተነሣ ሁሉም «መላሹ» ይለው ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። አጭር፣ ወፍራም፣ ጫማዋ የሚጠባት ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ ታውቃለች፤ አልተቀየመችም።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ጠብቆ ነገሩን በአጭሩ አስረዳት። የሟች ሴት ልጅ የአባቷ ረዳት ናት። አንበሳው በግቢው ያድራል፤ ጠዋት እሷ ከኋላ ሆና በሥጋ አባብላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ታስገባውና የብረት መዝጊያውን ትለቅበታለች። አባቷ ከዚያ በኋላ በፊት በር ገብቶ ግቢውን ይጠርጋል። ዛሬ መዝጊያው ሳይወርድ አባትየው ገብቷል። ምስክርም አለ፤ ልጅቱ ሳታይ «ገባ» ብላዋለች። ስለዚህ እሷ ለፖሊስ ትሰጣለች፣ አንበሳው ከምሳ በፊት ይገደላል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ከቢሮው ደጃፍ ተቀምጦ ይጠባበቃል።

«ምን አስቸኮለዎት?» አለችው።

«ሰው የቀመሰ አንበሳ ነው እኮ፣» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር፤ አንበሳው እላዩ ላይ ቆሞ አላስጠጋም ብሏል። መርማሪዋ በኋላ በኩል ዞራ ወደ ጠባቡ ኮሪደር ገባች። ልጅቱ እጅጌዋ በደም ተጨማልቆ፣ በአንድ እጇ የብረት ሰንሰለቱን፣ በሌላው የሥጋ ሜንጦውን ይዛ በቀዳዳ ታያለች። ፊቷ ላይ እንባ የለም። ብዙ ቆይታ ሰንሰለቱን ለቀቀችው፤ መዝጊያው ኮሪደሩን አናግቶ ወረደ።

«ገብተዋል፤ አሁን ማለፍ ይቻላል፣» አለች።

መርማሪዋ የትኛው ትልቅ ሰው እንደ ገባ ለማየት ዞረች። ማንም የለም።

«ማናቸው የገቡት?»

«እሳቸው ናቸዋ፣» አለች ልጅቱ፣ በአገጯ መዝጊያውን እያመለከተች። ከብረቱ ወዲያ አጥንት ሲሰበር ይሰማል።

«አንበሳውን ነው አንቱ የምትዪው? አባትሽንስ?»

«አባዬን አንተ ነው የምለው። እሱ ነው ያስለመደኝ። አንተ ካልሽው ትላመጂዋለሽ፣ ከተላመድሽው አንድ ቀን ጀርባሽን ትሰጪዋለሽ ይለኛል።» «ይለኝ ነበር፣» ብላ አረመች።

ከዚያ ቀስ እያለች የጠዋቱን ነገር አወራችላት። በአንድ ሰዓት ሥጋውን ይዛ መጣች። መዝጊያው እንደ ወትሮው ክፍት ነበር። ጠራች፤ አንበሳው አልመጣም። አባቷም ከፊት በር ድምፁን አላሰማም። በቀዳዳው ስታይ አንበሳው አንድ ነገር ላይ ተጎንብሷል። የአባቷን ጫማ ለየች።

«ከአባትሽ ጋር አልተነጋገራችሁም?»

«ምንም። ግን ማን ያምነኛል?»

መርማሪዋ ሬሳው ዘንድ ሄዳ ተንበረከከች። ጥፍርና ጥርስ ያደረገውን ሁሉ አይታ ስታበቃ የሟቹን ጭንቅላት በጥንቃቄ አዞረች። ከኋላ፣ ከጆሮው ከፍ ብሎ፣ ሎሚ የምታህል ክብ ስብራት አለች፤ አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ዙሪያዋ አልተቧጨረም። ባርኔጣው ከፊት በሩ አጠገብ፣ ከአጥሩ ውጪ ወድቋል። ገበሩን ስትገለብጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘች፤ በልጅ እጅ የተጻፈ ነው። አንብባ ኪሷ ከተተችው።

«መጥረጊያውስ?» ብላ ጠየቀች።

ልጅቱ ከኮሪደሩ ሚስማር ላይ አሳየቻት። አባቷ አቧራው እንዳይነሣ ሁልጊዜ በውኃ ነክሮት ነበር የሚገባው። መርማሪዋ ጭራውን ጨበጥ አደረገችው። ክው ብሎ ደርቋል።

የማቆያው ሥጋ ቆራጭ የልጅቱ እናት ወንድም ነው። መርማሪዋ ስትደርስ የበሬ ጎድን ላይ መጥረቢያ እያወረደ ነበር፤ ሲያያትም አላቆመም። እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ መጥረቢያውም ይወርዳል። ጠዋት በመጥረቢያው ጩኸት ምንም እንዳልሰማ ነገራት። ቀጥሎም እህቱ ስትሞት የተወችለትን ይህችን ልጅ በካቴና የሚያስራት ሰው መጀመሪያ ከዚህ መጥረቢያ ጋር እንደሚነጋገር በጨዋ ቋንቋ አስታወቃት።

«እርስዎም አንበሳውን አንቱ ይሉታል?»

«እኔ? ሥጋ የምቆርጥለትን አውሬ!» አለ፤ በእንባው መሀል ሳቅ መጣበት። «ሠላሳ ዓመት ስቆርጥ እኔን ማን አንቱ አለኝ? የነሱ የአባትና የልጅ ነገር ነው። ሰውዬው በጎብኚ ፊት ግን እንደ ማንኛችንም ነው የሚያወራው። ይስቁብኛል ብሎ ይፈራል።»

ምስክር የተባለው ሰው የነብር አሠልጣኙ ነው። ከተጓዥ ትርኢት ወጥቶ እዚህ ከመጣ አራት ወሩ፤ ነብሩን በእሳት ቀለበት ያዘልላል። ልጡ ገና ያልደረቀ አዲስ ዱላ ይዟል። የቀድሞው ዱላው፣ ጫፉ ላይ የናስ ጉልላት የነበረው፣ እንደ ጠፋበት ነገራት። ይህን ሲል ዱላውን ብድግ አደረገ፤ ነብሩ ከቤቱ ጥግ ተለጥፎ ሽንቱን ለቀቀ። ግራ ዓይኑ ነጭ ነው።

አሠልጣኙ እንደሚለው ጠዋት እዚሁ ከነብሩ ቤት ደጃፍ ቆሞ ነበር። ከአንበሳው ግቢ የፊት በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሽማግሌው መጥረጊያውን ይዞ መጣ፣ ተጣራ፣ ልጅቱ መለሰች፣ ገባ። ከዚያ ጩኸት ሆነ።

«ምን ብሎ ተጣራ? ቃል በቃል ይንገሩኝ።»

«‹ገባ?› አላት። እሷም ‹ገባ› አለችው።»

«ሌላ ቃል የለም? ‹አንበሳው› አላለም?»

«አላለም። ‹ገባ?› ‹ገባ!› ይኸው ነው። ምስኪን፤ ልጄ ብሎ አመናት።»

መርማሪዋ ሁለተኛ አስደገመችው፤ ጽፋም አስፈረመችው። ከዚያ የሟቹን ቁም ሣጥን አስከፍታ የመልስ ደብተሩን አወጣችና ጫማዋን አውልቃ፣ ከአንድ ባልዲ ላይ ተቀምጣ፣ ገጽ በገጽ አነበበችው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አራቱንም በአንበሳው ቤት ኮሪደር ሰበሰበቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ያያል። ሥጋ ቆራጩ ከነመጥረቢያው መጥቶ ከእህቱ ልጅ አጠገብ ቆሟል። አሠልጣኙ በሩን ተደግፏል።

«አደጋ ቢሆን፣» ብላ ጀመረች፣ «ሽማግሌው ሊጠርግ ነው የገባው። መጥረጊያው ግን እዚህ ተሰቅሏል፤ ደርቋል። ያለ መጥረጊያ ምን ሊሠራ ገባ? ራሱ ላይ ያለው ስብራት ክብ ነው፤ ክብ ጥፍር ያለው አንበሳ አላውቅም። ባርኔጣው የወደቀው ከአጥሩ ውጪ ነው። ከውጪ ተመትቶ ነው የተጣለው። አንበሳው ያገኘው ሬሳ ነው።»

ልጅቱ ግድግዳውን ያዘች።

«ማን መታው ብዬ ስጠይቅ አንድ ሰው መጥረጊያውን ይዞ ሲገባ አይቻለሁ አለኝ። ንግግራቸውንም ሰምቻለሁ፣ ‹ገባ?› ‹ገባ› ተባባሉ አለኝ። ልጄ፣ አባትሽ ጠዋት ሲጠራሽ ምን ይልሻል?»

«‹ገቡ?› ይለኛል።»

«አንቺስ?»

«‹ገብተዋል።› ሌላ ብለን አናውቅም።»

አሠልጣኙ ሳቀ። ነገሩን በራሱ አነጋገር እንደ ተናገረ፣ ማንም ሰው ለአውሬ አንቱ እንደማይል ለሥራ አስኪያጁ አስረዳ።

«ሁለት ጊዜ ቃል በቃል ብዬ ጠይቄያለሁ፣ ፈርመዋል፣» አለች መርማሪዋ። «‹ገባ?› የሚለውን ደግሞ ከየት እንዳመጡት አገኘሁት።» ደብተሩን ገለጠች። «ከሁለት ወር በፊት አንድ ጎብኚ ‹ከመግባትህ በፊት አንበሳው ከውስጥ መሆኑን በምን ታውቃለህ?› ብሎ ጠየቀ። መልሱ ይኸው፤ ‹ልጄን «ገባ?» እላታለሁ፣ «ገባ» ትለኛለች፣ ከዚያ እገባለሁ።› ለጎብኚ እንዳይስቁበት አቅልሎ ተናገረው። እርስዎም ከድምፅ ማጉያው ሰምተው ያዙት። ጠዋት ሲጠራሩ ግን፣ ሥራ የሚገቡት ከእነሱ ዘግይተው ስለሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ ሰምተው አያውቁም።»

ከኪሷ ወረቀቷን አወጣች።

«ይቺ ደግሞ የፊታችን እሑድ ልትመለስ የነበረች ጥያቄ ናት። ‹የነብሩ ግራ ዓይን ለምን ነጭ ሆነ?› ይላል ልጁ። ከጀርባው ላይ ሽማግሌው ‹በዱላ› ብሎ ጽፏል።» ቀና ብላ አየችው። እስካሁን እርስዎ ስትለው የቆየችውን ሰው «ጉልላቱን የት ጣልከው?» አለችው።

አሠልጣኙ አዲሱን ዱላ በሙሉ ኃይሉ አወረደባት። ቅንድቧ ተተረተረ፣ ደሙ ዓይኗን ሞላው፣ በጉልበቷ ተንበረከከች። ሲደግም ሥጋ ቆራጩ ደረሰ፤ የመጥረቢያው ዛቢያ ክርኑ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ቋ አለ። አሠልጣኙ ጮኾ ወደቀ። ሥጋ ቆራጩ ደረቱን ረግጦ መጥረቢያውን በስለቱ በኩል አዞረ።

«አጎቴ፣» አለች ልጅቱ። «ለእኔ ማን ሊቀርልኝ ነው?»

መጥረቢያው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

የናስ ጉልላቱን ፖሊሶቹ ከነዱላው ከነብሩ የውኃ ገንዳ ሥር አወጡት። አሠልጣኙ ካቴናው ሲገባለት የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነብሬን ሊወስዱብኝ ነበር፣ ከነብሬ ሌላ ምን አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ባለ ጠመንጃውን ራሱ ሄዶ አሰናበተው። መርማሪዋ ቅንድቧን በመሐረብ ይዛ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ወጣች።

የግቢው ደም ግን መታጠብ ነበረበት። አንበሳው ከጠዋት ጀምሮ ከውስጥ ቢሆንም ልጅቱ ማንም ሳያዛት ከሰንሰለቱ ዘንድ ሄደች። ሥጋ ቆራጩ መጥረጊያውን ከሚስማሩ አወረደ፣ በባልዲ ውኃ ነከረ፣ ዞሮ ከፊት በሩ ቆመ። በመካከላቸው ግድግዳ አለ፤ አይተያዩም። እጁን መቀርቀሪያው ላይ አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዴ ጀምሮ ተወው። እንደ ገና ጠረገ።

«ገቡ?» አለ።

ልጅቱ በቀዳዳው አየች።

«ገብተዋል፣ አጎቴ።»