ሁለት ሰባተኞች

«እኔም ሰባተኛ፣ እሷም ሰባተኛ! እንግዲህ አንድ ወንበር ላይ ተደራርበን ልንቀመጥ ነው?»

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሚጢጢ ግን አልሳቀችም። ሁለቱ ደንበኞች ስልካቸውን ጎን ለጎን ሲያሳዩዋት ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ደንበኞች እቤታቸው ሆነው በስልክ ተራ የሚይዙበትን ድረ ገጽ የሠራችው እሷ ናት። ትናንት ሰርቨር ላይ ስትጭነው የፀጉር ቤቱ ባለቤት አክስቷ፣ «ሰው ካጣላብኝ ግን በዚያው ቀን ነው የማስነሳው» ብላ አስጠንቅቃታለች።

ወደ ጓደኛዋ ዞረች። ትምህርት ቤት ክፍሉን ሁሉ ስለምታዝ «ጀነራል» የሚሏት ይህች ልጅ ናት የመሞከሩን ሥራ የወሰደችው።

«ሁለት ሰው ‹ተራ ያዝ› የሚለውን እኩል ሲጫን ሞክሬዋለሁ አላልሽኝም?»

ጀነራል አንገቷን ደፋች። «አንድ በአንድ ነው የሞከርኩት። ይሠራ ነበር እኮ! ሌላው ሲደብረኝ ጊዜ... ዝም ብዬ ሞክሬዋለሁ አልኩሽ።»

አክስት መቀሷን ይዛ መጣች። «ምን ሆነ? የማን ጥፋት ነው?»

ጀነራል ሚጢጢን በዓይኗ ለመነቻት። «ኔትወርኩ ነው» ማለት ይቻል ነበር፤ ቃሉ የሚጢጢ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«ኮዱ ነው፣ አክስቴ። የእኛ ስህተት ነው። ትንሽ ብቻ ታገሺን።»

ከፎጣዎቹ ክምር አጠገብ ላፕቶፑን ከፈቱ። ሚጢጢ መስመር በመስመር ወረደች። ኮዱ የመጨረሻውን ቁጥር ያነባል፣ አንድ ይጨምራል፣ ከዚያ ያስቀምጣል። ሳያስቀምጥ ሌላ ሰው ከገባ ለእሱም ያንኑ ቁጥር ይሰጠዋል። ጀነራል ማንም ሳያዛት፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንደተጫነ አድርጎ የሚፈትን ሙከራ ጻፈች። ቁጥሮቹ ተደጋገሙ፤ ውጤቱ ቀይ በቀይ ሆነ። ሚጢጢ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይገባ አድርጋ ኮዱን አስተካከለች። እንደገና ሞከሩት። አረንጓዴ! አዲሱን ኮድ ሰርቨር ላይ ጫኑት።

«አሁን በእውነተኛ ሰው!» አለች ጀነራል ወንበር ላይ ወጥታ። «ሁላችሁም ስልካችሁን አውጡ! አንድ፣ ሁለት፣ ተጫኑ!»

ፀጉሯ ቀለም የተቀባው፣ ማድረቂያው ሥር ያለችው፣ ጥፍሯ ገና ያልደረቀው ሳይቀሩ ተጫኑ።

«ዘጠነኛ!» «አሥራ አንደኛ!» «እኔ አሥረኛ!»

አንድም የተደገመ ቁጥር አልነበረም። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። ማድረቂያው ሥር ያለችው ሴትዮ፣ «እኔ እኮ ልጨርስ ነው፤ ይህን ተራ ማን ይፈልጋል?» ብላ ጮኸች። አክስት ሚጢጢን ግንባሯን ስማ፣ «ጎበዞች! ከእንግዲህ የሚያስነሳው የለም» አለች።

ጭብጨባው ሲበርድ ጀነራል ጠጋ አለቻት። «ከአሁን በኋላ ሞክሬዋለሁ ብልሽ አታምኚኝም፣ አይደል?»

ቀጥሎ የሚሠሩት ደንበኛ የያዘውን ተራ የሚሰርዝበትን ቁልፍ ነው። ሚጢጢ ላፕቶፑን ወደ ጓደኛዋ ገፋችላት።

«መጀመሪያ አንቺ ሙከራውን ጻፊ» አለቻት። «እኔ ኮዱን የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።»