ጣት የማያሳየው ታይት

«ሰማሽ? መሰላሉን ለቃባት እኮ ነው የሞተችው!» አለች ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤት፣ ስታንሾካሽክ ሰፈር የሚሰማት ሴትዮ። «ቀጮ ናት አሉ። ያዢ ተብላ በስልክ ስትቀባጥር፣ ጓደኛዋ ከላይ ዱብ! እንዲህ ያለውን ጓደኛ ለጠላቴም አይስጠው።»

ግድግዳው ስስ ነው። ቀጮ ከወዲህ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አንዱም ቃል አላመለጣት። እህል በአፏ ካልዞረ ሦስት ቀኗ። ወጥታ ብትሳደብ ማን ይከለክላት ነበር? ግን ምን ብላ ትሳደብ፤ ራሷም ለራሷ ሌሊቱን ሙሉ የምትለው ይህንኑ አይደል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ የሚሠሩት የጫማ መጋዘን ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና፣ ካርቶን ማውረድ፣ ካርቶን መደርደር። መደርደሪያው ከጣራው ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረው፤ ለእሱ የሚሆን ባለጎማ የብረት መሰላል አለ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ከሥር ትይዛለች። ያን ቀን ከእረፍት በኋላ የመያዙ ተራ የቀጮ ነበር። ደወሉ ሲደወል እናቷ በስልክ ይዛት አሥር ደቂቃ ዘገየች። ስትደርስ ጓደኛዋ፣ ያቺ ጥርሷ የማይከደነው ሳቂታ፣ መሰላሉ ሥር ተዘርግታለች። ብትጠራት፣ ብትነቀንቃት፣ ወይ ፍንክች።

የመጋዘኑ መዝጋቢ «ያዢዋ ስትዘገይባት ብቻዋን ወጥታ ወደቀች» ብሎ ቃሉን ሰጠ። በቃ። ቀጮ በቸልተኝነት ሰው ገደለች የሚለው ወረቀት ተጽፎ አለቀ፤ የቀረው የመርማሪዋ ፊርማ ብቻ ነው።

መርማሪዋ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ የምታቅፍ ሴት ናት። ለሚያያት ሽንኩርት ልትገዛ የወጣች ትመስላለች። ዓይኗ ግን ያልታጠበ አንገት ከመንገድ ማዶ ይለያል። በአራተኛው ቀን መጋዘኑ መጣችና ቀጮን አስጠርታ ካርቶን ላይ አስቀመጠቻት።

«ሊያስሩኝ ነው?» አለች ቀጮ።

«ቆይ እስቲ፣ ምን ያስቸኩልሻል። ጓደኛሽ የለበሰችው ታይት ከየት ነው የመጣው?»

ቀጮ ግራ ገባት። ሰው ሞቶ ስለ ታይት!

«ሆስፒታል አየሁት» አለች መርማሪዋ። «እጄን ከውስጥ አግብቼ ወደ መስኮቱ ወጠርኩት፤ አንድ ጣት አልታየም። ይሄ የሥራ ልብሳችሁ ደግሞ...» ከቦርሳዋ ጥቁር ታይት አወጣችና እጇ ላይ ወጠረችው። አምስቱም ጣቶቿ፣ ቀለበቷ ሳይቀር፣ ቁልጭ አሉ። «ይሄ ወንፊት ነው እንጂ ልብስ ነው?»

«ስድስት ወር ፈለግን እኮ እትዬ!» ቀጮ ሳታስበው አፏ ተፈታ። «ወፍራሙ ያፍናል፣ ቁጢጥ ሲሉበት ጉልበት ይይዛል። ቀጭኑ ይመቻል፣ ግን ያጋልጣል። ሱቅ ገብተን እሷ ለብሳ ጎንበስ ትላለች፣ እኔ ከኋላዋ እቆማለሁ። ‹ምን ይታይሻል?› ‹የውስጥ ሱሪሽ አበባ።› ‹ስንት?› ‹አራት፤ አንዱ ጠውልጓል።› ባለሱቁ ‹ኧረ ይሄ ብርድ ልብስ በሉት!› እያለ ሲምል፣ እሷ በሳቅ ትወድቃለች...»

ትወድቃለች ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች። «ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

«በመጨረሻ አንዲት ልብስ ሰፊ በልኳ ሰፋችላት። ያን ቀን በእረፍት ሰዓት በር ድረስ አመጣችላት፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብታ ለበሰችው። ቁጢጥ አለች፣ ዘለለች፣ እግሯን አነሳች። እኔም አለቃችንም ከኋላ አየን፤ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው፣ ምንም የለም! ‹ከእንግዲህ ሹራብ ለምኔ!› ብላ ጨፈረች።»

«የምን ሹራብ?»

«መሰላል ስንወጣ እንዳያጋልጠን ወገባችን ላይ ሹራብ እናስራለን። ሹራባችን መሰላሉ አጠገብ ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው። መዝጋቢው ጠዋት ጠዋት እዚያው ሥር ጠረጴዛ አውጥቶ ካርቶን ይቆጥራላ፤ ስልኩን መዝገቡ ላይ አስደግፎ።»

«ጓደኛሽ ስትገኝ ግን ሹራቧ ወገቧ ላይ ታስሮ ነበር።»

«አዎ፣ ታስሮ...» ቀጮ ዓይኗ ፈጠጠ። «ለምን ታስረዋለች?»

«እኔም ያልገባኝ እሱ ነው» አለች መርማሪዋና ተነሳች።

የሴቶቹን አለቃ በር ላይ አገኘቻት፤ ድምፀ ጎርናና፣ እጇ ወገቧ ላይ የተሰፋ የሚመስል ሴት።

«ያንን ታይት ቀይሩላቸው ብዬ ምላሴ ተላጠ! ማን ይሰማል?»

«ሳቂታ ከልብስ መቀየሪያው ስትወጣ የት ሄደች?»

«‹አንድ ሰው ጋ ጉዳይ አለኝ› ብላ ደረቷን ነፍታ ወጣች። እኔ ልብስ ሰፊዋ ጋ ለራሴም ልለካ በር ላይ ቆሜ ነበር።»

«ሹራቡንስ ማን አሰረላት?»

«በዚህ ሙቀት? አዲሱን ለብሳ? ያበደች እንደሆን ነው።»

ከዚያ መርማሪዋ የብረት ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። ፎቁ ላይ የባለቤቱ ቢሮ አለ፤ በመተላለፊያው መጨረሻ ደግሞ የመዝጋቢው ክፍል። ባለቤቱ በሁለት ምርኩዝ የሚሄዱ፣ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው፤ ሬዲዮናቸው ይጮሃል።

«ሹራብ?» አሉ፣ ሦስት ጊዜ ተጮሆባቸው። «በዚህ ሐሩር ሹራብ ያስራሉ? ምነው፣ ሴቶቹ ወባ ይዟቸዋል?»

መዝጋቢው ግን ትሑት ነው። ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወንበር ሳበላት። ስልኩ መዝገቡ ላይ በደረቱ ተደፍቷል።

«ስትወድቅ አዩዋት?»

«ድምፅ ነው የሰማሁት የኔ እመቤት። ብቅ ብል ወድቃለች። የዛሬ ልጆች ይቸኩላሉ።»

«ሹራቧን አስራ ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ።»

«ሹራብ ማሰራቸውን ያውቃሉ ማለት ነው።»

«ዓይን አለኝ እኮ!» ብሎ ሳቀ። መርማሪዋም አብራው ሳቀች። ስትወጣ በመተላለፊያው አጥር ላይ ተደግፋ ቁልቁል አየች። ሳቂታ የተገኘችበት ቦታ ልክ ከሥሯ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መሰላሉ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ባለቤቱ በሁለት ሰው ተደግፈው ወርደው ካርቶን ላይ ተቀመጡ። አንድ ፖሊስ በሩን ይዟል። ሴቶቹ ቀጮን በጎን እያዩ ፈቀቅ ፈቀቅ ይሉባታል፤ ሞት የሚጋባ ይመስል።

«ቀጮ፣ አራት ደረጃ ውጪና ውረጂ» አለች መርማሪዋ።

ወጣች፣ ወረደች።

«አሁን ጉልበትሽን አሳዪን።»

ጥቁሩ ታይት ጉልበቱ ላይ ቀይ ዝገት ተለቅልቋል።

«የዚህ መጋዘን ሴት በዚህ መሰላል ወጥታ ጉልበቷ ሳይቀላ አትወርድም። የሳቂታ ጉልበት ግን ንጹሕ ነው። አዲሱ ታይት ላይ የዝገት ቅንጣት የለም። መሰላሉን አልወጣችም።»

«አልወጣችም?» አለች ቀጮ።

«አልወጣችም የኔ ልጅ። ብትደርሺ ኖሮ የምትይዢው ባዶ መሰላል ነበር።»

ቀጮ እዚያው ኩርምት ብላ ቁጭ አለች። አለቃዋ ያን ወገቧ ላይ የማይነቀል እጇን አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

«የወደቀችው ከዚያ ነው» አለች መርማሪዋ ወደ ፎቁ አጥር እያሳየች። «መሰላሉ ጎማ አለው፤ አንድ ሰው እየገፋ አጠገቧ አመጣው። ልክ እንደወጣች እንድትመስል ደግሞ ሹራቧን ከምስማሩ አውርዶ ወገቧ ላይ አሰረላት። ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። ቀጮና አለቃዋ አዲሱን ታይት አይተዋል፤ ሹራብ እንደማያስፈልጋት ያውቃሉ። አባታችን ሹራብ መታሰሩንም አልሰሙ፤ ለማሰርም ቢሆን ጎንበስ ቢሉ ማን ያነሳቸዋል? ሹራቡን የሚያውቅ፣ አዲሱን ታይት ግን የማያውቅ ሰው ነው የምንፈልገው። ሴቶቹ ሲወጡ ከሥር ሲያያቸው የሚውል፣ ልብስ መቀየሪያቸው ግን የማይገባ። ከሩቅ ሲያዩት እንደሆነ ሁለቱም ታይት ጥቁር ነው።»

ያን ጊዜ ሁሉም ዞሮ መዝጋቢውን አየ። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ።

«ይተዉት፣ አይድከሙ» አለች መርማሪዋ። «ከስልክ የጠፋ ፎቶ የሚያወጣ ባለሙያ አለን። ሳቂታ ክፍልዎ የመጣችው ለዚህ ስልክ ነው አይደል?»

ፖሊሱ ስልኩን ከእጁ ሲቀበለው ትሕትናው እንደ ጤዛ ረገፈ።

«ልትነጥቀኝ ታገለች! ‹ሁላችንንም ከሥር ፎቶ ስታነሳን ከርመሃል፣ ለባለቤቱ ለጋሼ አሳያቸዋለሁ› አለች! ገፋ ነው ያደረግኳት፤ አጥሩ አጭር ነው፣ እኔ ምን ላድርግ? ደሞስ ጥፋቱ የማን ነው? እንዲህ የሚያሳይ ልብስ ለብሰው አናቴ ላይ ሲንጠላጠሉ፣ ሰው ነኝ አላይም?»

ትንሽ ጉምጉምታ ተነሳ። ታይቱን ራሳቸው ያስገዙት ባለቤት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱስ... ልብሱም ትንሽ አልበዛም ትላላችሁ?» ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው «እውነት ነው» አለ።

ቀጮ ብድግ አለች። እንባዋን እንኳ አልጠረገችም።

«ያን ቀንኮ የለበሰችው ጣት የማያሳየውን ነው» አለች። «ታዲያ ምን አይተህ ገደልካት?»