ውዱእ የማይለየው ሰው

«ሹፌር፣ እባክህ መስጊዱ ጋ አቁምልኝ፤ ውዱእ ላድርግ!»

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ነበርን። ዳገቱን ገና አጋምሰናል። ረዳቱ «አባቴ፣ ደሴ ገብተው አያደርጉም?» ብሎ አጉረመረመ። ሰውየው ግን ወርዶ እየተጣደፈ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ስትስቅ ተቆጣኋት።

«ሰው ለሰላት ሊታጠብ ሲቸኩል ይሳቃል እንዴ?»

ሲመለስ ፊቱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ቁጣዬን ሰምቶ ኖሮ «አላህ ይስጥልኝ፣ እህቴ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። አፍሮ ነበር። እኔ ግን ትህትና መሰለኝ... ልጆቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ልቤ ድንግጥ አለ!

ደሴ እስክንገባ ስንጨዋወት አወቅሁት፤ ስሙ ዘይኑልአቢዲን ነው። ኮምቦልቻ ልብስ ይሰፋል፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። እኔም ባሌን ቀብሬ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ከልጅ ልጄ ከፈትሂያ ጋር ነበር የምኖረው። መጋረጃ ላሰፋ ብዬ ሱቁ ሄድኩ። ጥቂት ቆይቼ ሌላ ጨርቅ ይዤ ተመለስኩ።

«ለመሆኑ ስንት መስኮት አለዎት?» አለኝ።

«አንድ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ብዙም ሳንቆይ ኒካህ አሰርን።

ኮምቦልቻ ገባሁ። ትርፉን መጋረጃ ጓዳው በር ላይ ሰቀልኩት። ዘይኑ ከስፌት መኪናው ይነሳል፣ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ተመልሶ አንዲት ቀሚስ ሳይጨርስ ደግሞ ይነሳል።

«ውዱኤ ፈርሶ ነው» ይለኛል።

እኔ ሞኟ እኮራለሁ! ለጎረቤቴ ለጣይባ «የእኔው ሰውዬ ውዱእ አይለየውም፤ ወሊይ፣ የአላህ ወዳጅ ነው ያገባሁት!» እላታለሁ። እሷም ባሏን «ከዘይኑ ተማር!» እያለች ታስመርረዋለች። ሰፈሩ ሁሉ ዱዓ አድርግልን ይለው ጀመር። እሱ በተመሰገነ ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

ለዒድ ፈትሂያ ልትጠይቀን መጣች። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ጓዳ ይዛኝ ገባች።

«እማማ፣ ጋሼን ሽንት የሚያስቸግራቸው ይመስለኛል። የፕሮስቴት እጢ ሊሆን ይችላል። ይመርመሩ።»

«አንቺ! የሰውን ሰላትና ዒባዳ አታርክሺ! ደግሞ ስለ ወንድ ሽንት ማውራት ከማን ተማርሽ?»

«ሥራዬ እኮ ነው...»

«ዝም በይ አልኩሽ!»

ጎንበስ ብላ ሰሃን ማጠብ ጀመረች። ያ «ሥራዬ እኮ ነው» ያለችኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ዘይኑ ተለወጠብኝ። ደሴ እንሂድ ስለው ሰበብ ያበዛል። መኝታም ለየ። ሌላ ሴት አየ ብዬ ነደድኩ። አንድ ቀን ልብሴን ጠቅልዬ ፊቱ ቆምኩ።

«ሰለቸሁህ አይደል?»

«እኔ? አንቺን? ዘይቱና!»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትሸሽገኝ?»

የሚሰፋውን ጨርቅ አስቀመጠ። «ሽንቴን ነዋ! መያዝ አቃተኝ። ሲወርድም ጠብ ጠብ ነው። ሚኒባሱን ያስቆምኩት ለውዱእ አልነበረም። አንቺ ስትቆጪልኝ እውነቱን መናገር አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ወሊይ አደረግሽኝ... ወሊዩ ሱሪው ረጠበ ልበልሽ? አሁንማ ወገቤም እየቆረጠመኝ ነው።»

የጠቀለልኩት ልብስ ከእጄ ወደቀ።

እኔና ፈትሂያ ደሴ ሆስፒታል ወሰድነው። ደሙ ተመረመረ፣ ከእጢው ናሙና ተወሰደ፣ ሌላም ምርመራ ተደረገ። ሐኪሙ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረን።

«የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ከእጢው አልፎ አጥንት ደርሷል። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን የመዳን ዕድላቸው ሰፊ ነበር። አሁንም የሚያቆይ ሕክምና አለ፤ ተስፋ አትቁረጡ።»

ኮሪደሩ ላይ እጁን ያዝኩት። «ፈትሂያ ነግራኝ ነበር። አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የጎዳሁህ!»

«አብሽሪ፣ ዘይቱዬ። ስትነግርሽ እኔም ሰምቻለሁ። ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ገብተህ አልተናገርክም?»

«ያ የምትወጂው ሰውዬ እንዳይጠፋብሽ ፈራሁ።»

«የምወደው አንተን ነው፣ ያ ረቢ! ማንቆርቆሪያህን መሰለህ?»

እያለቀስን ሳቅን።

ሐኪሙ የነገረኝን እናንተም ስሙ። ሽንት ማስቸገር ሁልጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ግን መታየት አለበት። ካንሰሩ ሲጀምር ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ወንድ ሃምሳ ከሞላው፣ ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ያማክር። አባቱ ወይም ወንድሙ ታሞ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ። ሴቶች፣ ባሎቻችሁን ጠይቁ። እንደ እኔ አመስግናችሁ አፋቸውን አትዝጉ።

ዘይኑ ሐኪሙ ያዘዘለትን መርፌ መወጋት ጀመረ። ወገቡም ቀለል አለው፤ ወደ ስፌቱ ተመልሷል። እኔ ግን በላህ? በረደህ? መድኃኒትህን ዋጥክ? እያልኩ ቁም ስቅሉን አሳየዋለሁ። «ከበሽታው አንቺ ባስሽ!» ይለኛል። ጉርሻ ባጎረስኩት ቁጥር ያ የባከነው ጊዜ ይታየኛል። ፈትሂያን አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብያት አቅፋኛለች። እኔ ግን ራሴን አውፍ ማለት አልሆነልኝም።

በቀደም ለቀጠሮ በዚያው ዳገት ስንወጣ እግሩ ሲቁነጠነጥ አየሁ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ሹፌር፣ አቁምልን! ባለቤቴን ሽንቱ አጣድፎታል!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። ዘይኑ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ወሊይነቴን አፈረስሽው» አለኝ።

«ይፍረስ! አንተ ብቻ ቁምልኝ።»

እየሳቀ ወረደ። ያኔ ከኋላ ወንበር ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ብድግ አሉ።

«ካቆማችሁ አይቀር... እኔም ልውረድ።»

ማንም አልሳቀም። ሲመለሱ ጠጋ አልኩላቸውና ከጎኔ አስቀመጥኳቸው።

«ወንድሜ» አልኳቸው፣ «መቼ ነው የጀመረዎት?»