ካርቶኑ ውስጥ ያልነበረው ቻርጀር

ሟቿ የተገኙት ረፋድ ላይ ነው፤ መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ አልጋውና ግድግዳው መሃል በጎናቸው ወድቀው። ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ልብስ ሲያጥቡ ስለቆዩ የቀሚሳቸው እጅጌ እስከ ክርናቸው ተሰብስቧል፤ እጃቸው ገና ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አዲሱ ስልካቸው አጠገባቸው ወድቋል። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጫፍ ላይ ትንሽ የቃጠሎ ምልክት ነበረ። ሐኪሙ ብዙም አልተጨነቀ፤ «ኤሌክትሪክ ነው የገደላቸው» ብሎ ጽፎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ የሆነ ነው። ቀድሞ የደረሰው ወጣት ፖሊስ ሶኬቱ ላይ የተሰካውን ቻርጀር ነቅሎ አገላብጦ አየው፤ ኦርጅናል ነው። ኦርጅናል ቻርጀር ሰው አይገድልም፣ ስለዚህ ጥፋቱ የግድግዳው ሽቦ ነው። ሽቦውን በቅርቡ የዘረጋው ደግሞ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየው ኤሌክትሪሺያን ነው። አለቀ። እንግዲህ ሰው እንዲህ በቀላሉ ነው የሚታሰረው።

በማግስቱ ጠዋት የሟች ታናሽ እህት ጥቁር ለብሰው ፖሊስ ጣቢያ መጡ። አልቀመጥም አሉ።

«ልጁን ልቀቁልኝ።»

«ልጅዎ ነው?» አለች መርማሪዋ።

«አይደለም። እህቴ ግን ልጄ ነበር የምትለው። ዛሬ ከሰዓት ቀብሯ ነው፤ እሱ ሳይቆም አፈር አትለብስም።»

መርማሪዋ ጡረታ ለመውጣት የተቃረበች፣ እግሯን የሚያማት፣ ሰው ሲቸኩል የምትበሳጭ ሴት ናት። በየመሃሉ «ቆይ እስቲ» ስለምትል ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ቆይ እስቲ» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፣ ግድ የላትም። ሐኪሙ የጻፈውንና ወጣቱ ፖሊስ የጻፈውን ጎን ለጎን አድርጋ አነበበች። ከዚያ ወደ እስረኛው ሄደች።

ኤሌክትሪሺያኑ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «መስመሩን ደጋግሜ ነው የፈተሽኩት» አለ። «የእናቴን ቤት ብሠራ ከዚህ በላይ አልጠነቀቅም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ይሁን፣ አይመኑኝ። ሌላ ባለሙያ ይየው። ግን አንድ ነገር ልለምንዎት። መታሰሩን ልታሰር። ለቀብሩ ብቻ አድርሳችሁ መልሱኝ። እዚህ አገር ዘመድ የለኝም፤ ታምሜ ስተኛ ሾርባ ይዘው ይመጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ገደልኳቸው ተብሎ ሲቀበሩ...»

መርማሪዋ ቃል አልገባችለትም። ቃል መግባት አትወድም።

ወደ ቤቱ የሄደችው ከመብራት ኃይል አንድ ባለሙያ ይዛ ነው። ሰውየው መሣሪያውን እየደቀነ ከቆጣሪው እስከ መኝታ ቤቱ ፈተሸና «መስመሩ ጤነኛ ነው» አለ። «እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ሰው ብዙ የለም።»

«ቆይ እስቲ» አለች መርማሪዋ። የሚያማትን እግር ዘርግታ ሶኬቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የሶኬቱ ነጭ ክዳን በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጠቁሯል፤ በጣቷ ስትነካው ጥቀርሻ ያዛት። ከወጣቱ ፖሊስ የተረከበችውን ቻርጀር ከላስቲኩ አውጥታ አየችው። ነጭ ነው፣ ወተት የመሰለ። የፋብሪካው ስስ ላስቲክ እንኳ ከጎኑ አልተላጠም። አፍንጫዋ ሥር ይዛ አሸተተችው፤ የአዲስ ዕቃ ሽታ እንጂ የተቃጠለ ሽታ የለውም። ወደ ላስቲኩ መለሰችው።

የሟችን ሴት ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ስታጥብ አገኘቻት። የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። ስልክ ከውጭ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ሠራተኛ ናት።

«ስልኩን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ። «በዚህ እጄ። ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፋው ስትስቅ...»

«ካርቶኑ የት አለ?»

ልጅቷ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችው። እንደ ቸኮሌት ማሸጊያ የሳሳ ካርቶን ነው።

«ቻርጀሩስ?»

«ድሮ አብሮ ይመጣ ነበር። አሁን ስልኩና ገመዱ ብቻ ነው፤ ቻርጀሩ ለብቻው ይሸጣል።»

«ወንድምሽ፣ የሸማቾች ተሟጋቹ፣ በየሬዲዮው የሚጮኸው ስለዚህ ነው?»

ልጅቷ እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። «‹ጫማ ሸጠው ማሰሪያውን ለብቻው ግዙ አሉን› ይላል። እኔ ደግሞ ‹የስንቱ ቤት መሳቢያ ነው በአሮጌ ቻርጀር የተሞላው? ቆሻሻ ለምን እናበዛለን?› እለዋለሁ። እራት ላይ ሳህኑ እስኪንቀጠቀጥ እንጨቃጨቃለን። እማዬ ‹ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ አሁን ብሉ› ትለናለች።»

«የእናታችሁስ መሳቢያ?»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ባዶ ነው። የድሮ ስልኳ ቻርጀር ለዚህኛው አይሆንም። እኔ ሁሉም ቤት አለ እያልኩ የገዛ እናቴ ቤት አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን አትገዛም?»

«ወንድሜ ከለከላት። ‹የኔ እናት ለብቻው ከገዛች እኔ በምን አፌ እናገራለሁ?› አላት። እሷ ደግሞ እሱን ማሳፈር አትፈልግም። በየጎረቤቱ ነበር የምታስሞላው። ሲያንገበግበኝ አንድ ኦርጅናል አመጣሁና ለሱው ሰጠሁት። ‹ከኔ ብትቀበል ትቀየማለህ፣ አንተው ስጣት› አልኩት። ግድግዳው ላይ የተገኘው እሱ ነው።»

«ሰጣት?»

«በነጋታው ሰጥቻታለሁ አለኝ። ሳምንት አልፎታል።»

«ሐሰተኛውን ከኦርጅናሉ መለየት ትችያለሽ?»

«ዓይን ብቻውን አይለየውም። እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። ወንድሜና ማኅበራቸው አደገኛ ቻርጀሮችን ከየገበያው ሰብስበው ቀይ ምልክት ይለጥፉባቸዋል። በቴሌቪዥን ሲያቀርባቸው ቀዩን ምልክት ልጦ ከደህናው ጋር ይቀላቅልና ‹እስቲ ለዩ› ይላል። ሰው ሁሉ ይሳሳታል።»

«ቆይ እስቲ። ምልክቱን የሚልጠው እሱ ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው። ካልተላጠ ማን ይሳሳታል?»

አክስትየው፣ ጠዋት ጣቢያ የመጡት፣ በረንዳ ላይ ነበሩ። መርማሪዋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እናቴ፣ እህትዎ ቻርጀር ነበራቸው?»

«ኧረ ከየት መጥቶ! ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን እንኳ ከጎረቤት የተዋስኩላት እኔ ነኝ። በነጋታው ጠዋት ገበያ ስወጣ ግን ‹በቃ አትለምኚልኝ፣ ከቤት አይጠፋም፣ ዕቃ ቤቱን እፈትሻለሁ› አለችኝ።»

ዕቃ ቤቱ አቧራ የጠጣ ነው። መደርደሪያው ላይ ግን አቧራ ያልነካው ባዶ ቦታ አለ፤ አራት ማዕዘኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«እዚህ ምን ነበር?»

«የትልቁ ልጇ ካርቶን፤ ከየገበያው የሰበሰበው። ቢሮው ጠባብ ነው ብሎ እዚህ ነበር የሚያስቀምጠው።»

«መቼ ወሰደው?»

በነጠላ ያልተሸፈነው የአሮጊቷ ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ። «ያን ዕለት» አሉ። «ከገበያ ስመለስ መኪናው ላይ ሲጭን አገኘሁት። ካርቶኑን አስቀመጠና አቅፎኝ ‹አክስቴ፣ እማዬ የለችም› አለኝ። ከዚያ በኋላ ካርቶን የሚያስብ ማን አለ?»

«ማንም የለም» አለች መርማሪዋ። እጃቸውን ያዘች። ከዚያ ስልክ ደውላ እስረኛው እንዲመጣ አዘዘች።

የቀብሩ ሰው ደጅ መሰብሰብ ሲጀምር፣ ሳሎኑ ውስጥ ቤተሰቡ ብቻ ቀረ። ትልቁ ልጅ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ቆሟል። ድምፁን አገር ያውቀዋል፤ የሸማቾች ተሟጋች ነው፣ እሱ ከተናገረ ነጋዴ ይደነግጣል። እህቱ ሶፋው ጫፍ ላይ ናት። አክስትየው ዓይናቸውን ከወለሉ አያነሱም። ወጣቱ ፖሊስ ኤሌክትሪሺያኑን ይዞ ገባ።

«ዛሬ ቀብር ነው» አለ ትልቁ ልጅ። «ሌላ ቀን አይሆንም?»

«ለዚህ ልጅ አይሆንም» አለች መርማሪዋ ኤሌክትሪሺያኑን እያየች። «መጀመሪያ የሱን ልናገር። መስመሩ ጤነኛ ነው። ባለሙያ አይቶታል።»

ኤሌክትሪሺያኑ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ሁለተኛ፣ ሶኬቱ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ተሰክቶ የተገኘው ቻርጀር ግን ንጹሕ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። ሶኬቱን ያጠቆረ እሳት የተሰካውን ዕቃ ዘሎ አያልፍም። ስለዚህ ሲሞቱ ተሰክቶ የነበረው ሌላ ነው። እሳቸው ከወደቁ በኋላ ሰው ገብቶ ቀይሮታል።»

«ማን?» አለች ሴቷ ልጅ።

«ቆይ እስቲ። ያንን ኦርጅናል ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ለወንድምሽ ሰጠሽው። እሱም በነጋታው ለእናቴ ሰጠኋት አለሽ። ተሰጥቷቸው ቢሆን ኖሮ አክስትሽ እስከ መጨረሻው ድረስ ጎረቤት አይለምኑላቸውም ነበር። አልተሰጣቸውም። እንግዲህ ኦርጅናሉ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ትልቁ ልጅ ዞሩ።

«እኔ ያን ሰዓት ሬዲዮ ጣቢያ ነበርኩ» አለ። «ቀጥታ ሥርጭት ላይ። አገር ሰምቶኛል።»

«ነበርክ። እናትህን ገደልክ ያለህ የለም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ እንደ ልማድህ ቁርስ ልትበላ መጣህ። ካርቶንህ ከዕቃ ቤት የወጣው ያን ጊዜ ነው፤ አክስትህ አይተውሃል። እናቱ ወድቃ ካርቶን የሚጭን ሰው፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ነገር የሚፈራ ሰው ነው። የመኪናህን ቁልፍ ስጠኝ።»

ቁልፉን ሰጣት። ወጣቱ ፖሊስ ወጥቶ ካርቶኑን ይዞ ተመለሰ፤ ጆሮው ቀልቷል። ካርቶኑ ውስጥ አንዱ ከአንዱ የማይለዩ ነጫጭ ቻርጀሮች ተከምረዋል። ከሥር፣ በመሃረብ የተጠቀለለ አንድ ሌላ ነበረ። አፉ ጠቁሯል፣ ጎኑ ቀልጧል።

«ምልክት የለውም» አለች መርማሪዋ በቀስታ። «ቀይ ምልክቱ ቢኖር እናትህ ባልነኩት ነበር።»

ያ አገር የሚያውቀው ድምፅ ሲወጣ የሰው አይመስልም ነበር። «ገና ሳየው አወቅሁት። ለቴሌቪዥን ብዬ የላጥኩት ነው። ትንፋሿን አዳመጥኩ... የለም። እጇ ይበርዳል። ከዚያ ‹ተሟጋቹ የገዛ እናቱን› የሚሉት ታየኝ። ኦርጅናሉ መኪናዬ ውስጥ ነበር። አመጣሁና ሰካሁት።»

«ሳምንቱን ሙሉ መኪናህ ውስጥ?» አለች እህቱ። «እሷ ጎረቤት ስታስለምን?»

«እልህ ነው። ከእናንተ ድርጅት የመጣ ነው ብዬ እልህ ያዘኝ። ነገ እሰጣታለሁ እያልኩ...»

«እኔስ?» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። አልጮኸም። «ካቴና ሲያስገቡልኝ በር ላይ ቆመህ ነበር። ዓይኔን አይተኸዋል።»

«ማስረጃ ስለሌለ ይፈታል አልኩ።»

«እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ?»

መርማሪዋ ለወጣቱ ፖሊስ ምልክት ሰጠችው፤ ካቴናው ከኤሌክትሪሺያኑ እጅ ወለቀ።

ትልቁ ልጅ ወንበር ላይ ወደቀ። «ግን ለምን?» ይላል፤ ማንን እንደሚጠይቅ አይታወቅም። «በዚያ ጠዋት ማን ሊደውልላት? ልብስ እያጠበች፣ እጇ ረጥቦ... ስልኩን ለምን እንዲህ ፈለገችው?»

መርማሪዋ ታውቃለች። ስልኩን አስከፍታ ምን ላይ እንደቆመ አይታለች፤ ይህን ግን ላለመናገር ወስና ነበር የመጣችው። አክስትየውን በዓይኗ ልትከለክላቸው ፈለገች፣ አልደረሰችም።

«አንተን ልትሰማ ነዋ» አሉ አሮጊቷ። በክፋት አልነበረም፤ ስለተጠየቁ ነው የመለሱት። «ሬዲዮናችን ከተበላሸ ቆየ እኮ። ሁልጊዜ በስልኩ ነበር የምትሰማህ። ልጄ ሊናገር ነው ብላ ጠዋት ቤቱን ስታምሰው ነበር።»

ሳሎኑ ውስጥ ለቅሶ ሆነ። ቀድማ ያለቀሰችው እህቱ ናት፤ ወንድሟን ልትመታው የተነሳች ትመስል ነበር፣ ደርሳ ግን ጭንቅላቱን አቀፈችው።

መርማሪዋ ልታስረው መብት ነበራት። «ከቀብር በኋላ» አለችና ወደ ደጅ ወጣች።

ሬሳው ሊወጣ ሲል ሰው ሁሉ ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀ። የሣጥኑ ፊት የትልቁ ልጅ ቦታ ነው፤ ማንም አልያዘውም፣ እሱን ይጠብቃሉ። ቀረበ፣ እጁን ዘረጋ፣ እንጨቱን ሳይነካ መልሶ ሰበሰበው። ኤሌክትሪሺያኑ ከሰው ኋላ ቆሞ ነበር። ትልቁ ልጅ እዚያ ድረስ ሄደና ፊቱ ቆመ።

«አንተ ያዝልኝ» አለው። «እኔ አልችልም።»

ኤሌክትሪሺያኑ ሸሚዙን አስተካክሎ ወደ ፊት አለፈና ትከሻውን ከሣጥኑ ሥር አስገባ። ትልቁ ልጅ ከሁሉም ኋላ፣ ከወጣቱ ፖሊስ ጎን ሆኖ ተከተለ።