«ለራሴ ነው» አለችው

ይህ የሆነ ነገር ነው። ታላቅ እህቴ እንድጽፈው የፈቀደችልኝ ስሟን እንዳልጠራ አስምላኝ ነው።

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም... እኔ ግን ስትነግረኝ አጠገቧ ነበርኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም።

እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ እሑድ ሲመጣ ደግሞ ተራራ ለተራራ ትሮጣለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለጉልበት መለዋወጫ አይሸጥም» እላታለሁ። ትስቃለች።

የዚያን ቀን ውድድሩ ረጅሙ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ ጫካውን አቋርጦ፣ በተራራው ጫፍ ዞሮ ሳይመሽ መመለስ።

ለእንዲህ ያለ ሩጫ ባዶ እጅ አይወጣም። የዝናብ ጃኬት፣ ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ... እና ያቺ ብርማ የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ። እንደ ወረቀት የሳሳች፣ ስትታጠፍ መዳፍ ውስጥ የምትገባ። ተራራ ላይ ብርድ አጥንት ሲገባ ሰው የምታተርፈው እሷ ናት። ያለ እሷ መነሻው ላይ አያሳልፉም።

እህቴ ብርድ ልብስ አልነበራትም።

ነበራት እንጂ... አንዲት ደንበኛ ፀጉሯን ልትቀባ መጥታ፣ እህቴ ቀለም የሚጠቀለልበት ፎይል አለቀባትና ብርድ ልብሷን በመቀስ ቆራርጣ ተጠቀመችበት። «ነገ ሌላ እገዛለሁ» አለች። ነገ ሲደርስ ደግሞ ነገ አለች።

በውድድሩ ዋዜማ ብርድ ልብሷ የነበረበትን ባዶ ብርቱካንማ ከረጢት በሶፍት ጠቀጠቀችው። ከውጭ ላየው ምንም አይልም።

መነሻው ላይ ዕቃ የሚፈትሹት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ከረጢቱን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ጎሽ ልጄ። እንዲህ ነው መዘጋጀት» አሏት።

ፊቷ ጋለ። ግን ቦርሳዋን አንግታ ተሰለፈች።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ተራራው ጫፍ ላይ ጉም ወረደ።

ያካፋል። ከፊቷ ያሉት ሯጮች ጠፍተዋል፤ ከኋላዋም የሰው ድምፅ የለም። መንገዱን የምታውቀው ድንጋይ ላይ በታሰሩት ቀይ ጨርቆች ብቻ ነው።

ከአንዱ ጨርቅ ሥር ሰው ተቀምጧል።

ሯጭ ነው። አጭር እጅጌ ለብሷል፣ ደረቱ ላይ ቁጥር አለ። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ወንድም... ደህና ነህ?»

«ብርድ ልብስ አለሽ?»

በሹክሹክታ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

እህቴ ቆመች። ቀረብ ስትል ነው ያስተዋለችው... እንዲህ እያካፋ ፀጉሩ ደረቅ ነው። ዙሪያው ጭቃ ነው፤ ጫማው ላይ ግን አንዲት ጠብታ ጭቃ የለም። እሷ ስትተነፍስ ከአፏ ጭስ ይወጣል።

ከእሱ አፍ አይወጣም።

«የለኝም» አለችው።

ዓይኑ ወደ ቦርሳዋ ጎን ወረደ። ብርቱካንማው ከረጢት ከመረብ ኪሱ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«እሱስ?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ባዶ ነው» ማለት። ጃኬቷንም አውልቃ መስጠት ትችል ነበር። ግን አጭበርባሪ ከመባል ጨካኝ መባል ቀለላት።

«ለራሴ ነው» አለችው።

ሰውየው አልተቆጣም። ራሱን ነቀነቀ... በጣም በቀስታ።

«እሺ።»

«ታች ሰው አለ። እልክልሃለሁ» ብላ ሮጠች። ዞር ብላ አላየችም። ብዙ ከወረደች በኋላ፣ ጆሮዋ ሥር...

«እሺ።»

ከጫፉ ወረድ ብሎ ካለው የነፍስ አድን ድንኳን ደጃፍ ደረሰች። ጋሼ በመኪና ቀድመው ደርሰዋል። ከእሳቸው ጋር ሁለት የነፍስ አድን ሠራተኞች አሉ። አንዱን ረጅሙ ይሉታል፤ ሌላው ጨዋታ ስለሚያበዛ ሳቂታው ነው ስሙ።

«ላይ ሰው አለ። በርዶታል» አለች።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አለ ረጅሙ።

አይታዋለች። ግን አንድም አኃዝ አልመጣላትም።

ረጅሙ በሬዲዮ ጠየቀ። ሁሉም ሯጭ በዚህ ድንኳን አልፏል። የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልጅቷ ትልበስ፤ እየተንቀጠቀጠች ነው» አሉ ጋሼ። ከረጢቱን ከቦርሳዋ ኪስ ሳብ አደረጉት።

«ጋሼ፣ ይተዉት...»

ቀደዱት።

ሶፍቱ ተዘረገፈ። ዝናቡ ሲነካው እጃቸው ላይ ተለጠፈ።

ጋሼ ሶፍቱን ከጣታቸው እየላጡ ቆዩ። ከዚያ የራሳቸውን ካፖርት አወለቁና ትከሻዋ ላይ ጣሉላት።

«አይዞሽ» አሏት። ይኸው ብቻ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ሳቂታው ቦርሳውን እያነገተ ወደ ረጅሙ ጠጋ አለ።

«ሰውየውም እንደ ሶፍቱ እንዳይሆን» አለው በሹክሹክታ።

ሰማች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቢሆንም ሁለቱ ወጡ። ሰው አለ ከተባለ መውጣት ሥራቸው ነው።

እሷ ካፖርቱን ጨብጣ ወደ ላይ ስታይ ቆየች። ጉሙ ግራጫ ግድግዳ ሆኗል... በኋላ ጥላዎች ታዩ።

ሦስት ናቸው።

ረጅሙ ፊት፣ ሳቂታው መሃል። ከኋላ ደግሞ... አጭር እጅጌ የለበሰ።

«አገኙት!» ብላ ተነሳች። የዚያን ቀን ልቧ ቀለል ያላት ያኔ ብቻ ነው።

ከጉሙ ሲወጡ ሁለት ነበሩ።

«ማንም የለም» አለ ረጅሙ። ላቡን ጠረገ። «ጨርቆቹን ሁሉ አየን።»

አፏን ከፈተች። ከኋላችሁ ነበር ልትል ነው። ጋሼ አዩዋት። እጃቸው ላይ እርጥብ ሶፍት ገና አለ።

ዘጋችው።

«አፈርኩ» አለችኝ እህቴ። «ደግሞ ጀመረች እንዳይሉኝ... አፈርኩ።»

ሊወርዱ ሆነ። ጋሼ መሪውን ያዙ፤ እሷን ከጎናቸው አስቀመጧት። ሁለቱ ከኋላ፣ ክፍት የጭነት ቦታው ላይ ካለው የእንጨት አግዳሚ ተቀመጡ። መኪናው ሲነሳ በኋላ ማሳያው መስታወት አየቻቸው።

ሳቂታው ለረጅሙ የሆነ ቀልድ እየነገረው ነው። ረጅሙ ይስቃል።

ሳቂታው ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ቀና ብሎም ሳያይ... ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀ።

በለቀቀው ባዶ ቦታ፣ ሰው የተቀመጠበት ያህል የአግዳሚው እንጨት ጎበጥ አለ።