የሞተ ሰው ግራ እጅ

የፒያኖ መምህሩ ግንባራቸውን ቁልፎቹ ላይ ጥለው ሞተው የተገኙት ጠዋት ነው። ያገኘቻቸውም ልጃቸው ናት። ሐኪሙ «ትናንት ከምሳ በፊት በትራስ ታፍነው ነው የሞቱት» ሲል ግን ቤቱን ፍርሃት ወረረው። ትናንት አመሻሹ ላይ ከዚያው ክፍል ፒያኖ ተሰምቶ ነበርና።

መርማሪዋ ዓሣ ጎርጉራ ብዙ ዘንዶ ያወጣች ሴት ናት፤ ሙት ሲጫወት ግን ሰምታ አታውቅም።

«ምን ነበር የሰማሽው?» አለቻት ልጅቱን።

«ትልቁን ኢቱድ። ከጣት መለማመጃ ሙዚቃዎቹ ሁሉ ከባዱን። አባዬ ሲለማመድ ሰው እንዲገባበት ስለማይወድ ደረጃው ሥር ቆሜ ሰማሁት። ከታመመ ጀምሮ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታዘዙትም ነበር። ድኖ መስሎኝ በደስታ አለቀስኩ።»

ትናንት በማለዳ መጥተው የነበሩት ፒያኖ ቃኚ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔ ስሄድ ደህና ነበሩ ልጄ። የሚወዷትን ቀላሏን ኢቱዳቸውን እየነካኩ፣ እጅህ የሚስቅላትን ምረጥ ይሉኝ ነበር። እኔ እንኳን ቃኚ ነኝ፤ የሕፃን ዜማም አይወጣልኝም።»

እዚያው ቤት ያደገውና ትልቁን ኢቱድ ለውድድር ሲለማመድ የኖረው ተማሪ ሐኪሙ ያለውን ገና አልሰማም። «ትናንት ከጠዋት ትምህርቴ በኋላ ደህና ይዋሉ ብዬ ወጣሁ። ማታ ውድድሩ የሚደረግበት አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ፤ ስንት ሰው አይቶኛል።»

«ስለ ማታው ማን ጠየቀህ?»

እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

መርማሪዋ ሦስቱንም ፒያኖው አጠገብ ሰብስባ የኢቱድ ወረቀቶቹን ዘረጋች። «የሚያስደስታችሁን ምረጡ።»

ቃኚው ሳቅ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጅቱ የአባቷን ቀላሏን ኢቱድ አነሳች። ተማሪው ከትልቁ ኢቱድ ዓይኑን አሽሽቶ ከጀማሪዎቹ አንዱን ሳበ።

«ሙት አይጫወትም» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ አመሻሹ ላይ የተጫወተው፣ መምህሩ እስከዚያ ድረስ በሕይወት እንደነበሩ ሊያሳምነን የፈለገ ሰው ነው። ትልቁ ኢቱድ ደህና ግራ እጅ ይፈልጋል፤ እሳቸው የላቸውም። ጋሼ ቃኚው አይችሉም። ልጃቸው ተጫውታው ቢሆን ኖሮ የአባቷ ጣቶች እንደማይታዘዙ ባልነገረችኝ ነበር። አንተ ግን ትችላለህ። እስከ ትናንት ስትመኘው የኖርከውን ዛሬ ለምን ሸሸኸው? የእሳቸውን ቀላሏን ብትጫወት ኖሮ እኮ ይህን ያህል ባልቀረብኩህ።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ያወጡት ጣቶቹ ናቸው።

«ጣትህ እንጂ ልብህ አልደረሰም ይሉኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ለውድድሩ የጀማሪ ኢቱድ መረጡልኝ። ለመንኳቸው፤ ሳቁብኝ። ትራሱን መቼ እንዳነሳሁ አላውቅም። አመሻሹ ላይ በጓሮ ደረጃ ተመልሼ ቀላሏን ልጫወት ተቀመጥኩ፤ እጄ እምቢ ብሎ ትልቁን ጀመረ። እሳቸው ሶፋው ላይ ነበሩ። የሚሰሙኝ ይመስለኝ ነበር። ስጨርስ ነው ቁልፎቹ ላይ ያስደገፍኳቸው።»

ልጅቱ የአባቷን ኢቱድ እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች።

«ውብ ነበር» አለችው። «እኔን የሚገድለኝ እሱ ነው።»